የካዛንቺስ ማስታወሻ፦ ቆጣሪውን ማን ያነባል?

ካዛንቺስን በወሬ ነበር የማውቃት። ተወልጄ ያደግኩት ጎንደር ነው፤ ኑሮዬ ደግሞ ሂውስተን፣ ቴክሳስ። አዲስ አበባ ለእኔ አውሮፕላን የምቀይርባት፣ ቢበዛ አንድ ሌሊት የማድርባት ከተማ ሆና ነው የኖረችው። ዘንድሮ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ያዘኝና ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ ፔንሲዮን ሰነበትኩ።

ለእንግዳ ሰው መጀመሪያ የሚያስቸግረው የአቅጣጫው ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ለኮሪደር ልማት ሲባል አብዛኛው የድሮ ሠፈር ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ ተነጥፏል፣ ማታ መብራቱ ያምራል። ሰው ግን አሁንም መንገድ የሚያመለክተው በሌለው ነገር ነው። «ከሥጋ ቤቱ ዝቅ ብለህ»፣ «ከቆርቆሮ አጥሩ በስተግራ» ይሉኛል፤ ስደርስ ሥጋ ቤትም አጥርም የለም፤ አዲስ የተተከለ ሣርና የብስክሌት መንገድ ነው የሚጠብቀኝ። የፔንሲዮኑ ባለቤት እዚሁ ሠፈር ሦስት ልጅ አሳድገዋል፤ ጎረቤቶቻቸውን ሲጠሩ ስማቸውን ብቻ ሳይሆን አሁን የደረሳቸውን ኮንዶሚኒየም ጭምር ነው የሚናገሩት። ያልተለወጠው ምልክት «ቶታል» ነው። የታክሲ ረዳቱ ሁሉ «ካዛንቺስ ቶታል! ካዛንቺስ ቶታል!» እያለ ይጣራል። አንድ የነዳጅ ኩባንያ ስሙን ለሠፈር ሰጥቶ ሠፈሩ ሲፈርስ እንኳ ስሙ ቀረ።

እንጀራዬ ከነዳጅ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዓይኔ ማደያ ላይ ያርፋል። አንድ ቀን ጧት ታክሲያችን ቤንዚን ለመቅዳት ረጅም ሰልፍ ውስጥ ገባና ከሾፌሩ ጋር ወሬ ጀመርን። ዋጋውን የሚተምነው የፌዴራሉ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው፤ ማደያው በትክክል መሸጡን የሚከታተለው ግን የከተማው ንግድ ቢሮ ነው፤ ክልል ላይ ከሆነም የክልሉ ንግድ ቢሮ። ክፍያው በስልክ ነው። ሾፌሩ ይህን ሁሉ አብራርቶ ሲጨርስ የልቡን ጠየቀኝ፦ «ጋዛችን ወጣ ይሉናል። ታዲያ ቤንዚኑ ለምን አይረክስም?»

ጥያቄው ፌዝ አልነበረበትም፤ መልሱም አጭር አይደለም።

ወጣ የተባለው የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ በሶማሌ ክልል የመጀመሪያውን ምዕራፍ መርቀው ከፈቱ። የሚያመርተው ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር። ጋዙ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ ሲቀዘቅዝ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል፤ የሚይዘው ቦታም ወደ 600 ጊዜ ያህል ያንሳል፤ እንዲህ ሆኖ ነው በቦቲ የሚጫነው። ቤንዚን ግን አይደለም፤ ታክሲው ውስጥም አይገባም። ለቤንዚኑ የታሰበው ጎዴ ላይ በዚያው ቀን የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠለት ማጣሪያ ነው። ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀና «እንግዲያው ገና ነው» አለኝ። ገና ነው።

ካሉብ ለእኔ ሩቅ አገር አይደለም፤ ነገሩን ያወቅኩት ግን ሂውስተን ከገባሁ በኋላ ነው። መሐል ከተማው ላይ ሚላም ጎዳና ዳር አንድ ጥቁር ሕንፃ አለ፤ ዛሬ በሌላ ኩባንያ ስም ይጠራል እንጂ ሲሠራ የቴኔኮ ሕንፃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ካሉብ ላይ ጋዝ ያገኘው ያ የሂውስተኑ ቴኔኮ ነው። ከእርሱ በፊት ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአሜሪካዊው ሲንክሌር ኩባንያ መላ አገሪቱን የሚሸፍን የፍለጋ መብት ለ50 ዓመት ሰጥተውት ነበር። ስምምነቱ ሲፈረም ኦጋዴን ገና በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበረ። ሲንክሌር ቆፍሮ ቆፍሮ የሚፈልገውን ሳያገኝ ሄደ። ቴኔኮ አገኘ፤ አብዮቱ መጣ፤ እርሱም ወጣ። በደርግ ዘመን ሶቪየቶች ገብተው ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፈሩ። ከዚያ በኋላ የማሌዥያው ፔትሮናስ መጣ፣ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2013 የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል ተፈራረመ፤ ሰኔ 21 ቀን 2010 ዓ.ም. ሂላላ በሚባል ቦታ በቀን 450 በርሜል የሙከራ ድፍድፍ መውጣት መጀመሩ ተበሰረ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ውሉ ተቋረጠ። በዚያው ዓመት የዳላሱ ኔዘርላንድ ሲወል የተባለ የጥናት ድርጅት የክምችቱን መጠን 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ አድርጎ አረጋገጠ። መጀመሪያ ያገኘው ቴክሳሳዊ፣ መጨረሻ ላይ የመሰከረውም ቴክሳሳዊ። በመሐል ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ አለፈ፤ ሽላቦ አካባቢ ያለው ከብት አርቢ ጋዙ ካለበት መሬት ላይ በእንጨትና በከሰል እያበሰለ ኖረ።

ዋጋው በገንዘብ ብቻ አልተከፈለም። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. አቦሌ በምትባል ቦታ የቻይና የፍለጋ ቡድን ሠፍሮበት የነበረው ጣቢያ በኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር ተዋጊዎች ተጠቃ። 74 ሰው ሞተ፤ 65ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከዚያ በኋላ በአካባቢው የወረደው መከራ የራሱ መጽሐፍ ያስፈልገዋል። ግንባሩ ጥቅምት 2011 ዓ.ም. አስመራ ላይ ከመንግሥት ጋር የሰላም ስምምነት ፈረመ። ይህን የማነሳው ቁስል ለመነካካት አይደለም። «ጋዙ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በዚህ አገር ውስጥ ደም የፈሰሰበት ስለሆነ፣ ስለ ፌዴራልና ስለ ክልል ሥልጣን የሚያወራ ሰው ቃሉን መዝኖ እንዲናገር ግድ ይላል ብዬ ስለማምን ነው።

በወረቀት ላይ መልሱ ብዙም አሻሚ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው ይላል። አንቀጽ 51 የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና ጥበቃ ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ለፌዴራሉ ይሰጣል። አንቀጽ 52 ደግሞ ፌዴራሉ ባወጣው ሕግ መሠረት የማስተዳደሩን ሥራ ለክልል ይተዋል። ገቢውን በተመለከተ አንቀጽ 98 በከፍተኛ የማዕድን ሥራና በማናቸውም የነዳጅና የጋዝ ሥራ ላይ የሚጣለውን ግብርና ሮያሊቲ የጋራ ያደርገዋል፤ እንዴት እንደሚካፈል የሚወስነውም የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በተግባር የሚሰበስበው ፌዴራሉ ነው፤ ከዚያ ይከፋፈላል። የመጀመሪያው ቀመር ሮያሊቲውን 60 ለፌዴራል፣ 40 ለክልል ያለ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የጋራ ገቢዎቹን ማከፋፈያ እንደገና አወጣው። ከዚህ ሁሉ ቀድሞ የነበረው ግን የነዳጅ ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 295 ነው። የወጣው በ1978 ዓ.ም. ነው፤ ክልል የሚባል ነገር በሕግ ከመወለዱ በፊት፣ በደርግ ጊዜ። ውል የሚዋዋለውም፣ ፈቃድ የሚሰጠውም፣ የሚቆጣጠረውም ሚኒስትሩ እንዲሆን ታስቦ የተጻፈ ሕግ ነው። ሕገ መንግሥቱ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ ሲመጣ ያገኘው ያንን አሠራር ነበር።

እዚህ ካዛንቺስ ከማንም ጋር ቡና ስጠጣ ወሬው ፐርሰንት ላይ ነው የሚያርፈው። ለክልሉ ስንት ይድረሰው፣ ለፌዴራሉ ስንት፣ ለአካባቢው ሰው ስንት። የሕግ ባለሙያ የሆነ አንድ የአክስቴ ልጅ ኦሎምፒያ አካባቢ ምሳ ጋብዞኝ ሽሮው እስኪመጣ ድረስ የናይጄሪያን ሕገ መንግሥት አወራኝ፤ ለአምራች ግዛቶች ቢያንስ 13 ከመቶ እንዲደርሳቸው ይደነግጋል። እኔ የመለስኩለት ኒጀር ዴልታ 13ቱን እያገኘ ዘይት የተንሳፈፈበት ወንዝ ውስጥ ዓሣ ሲያሠግር መኖሩን ነው። ፐርሰንት አስፈላጊ ነው። ግን ስሌት ነው፤ ስሌት ደግሞ የሚሠራው የሚባዛበት ቁጥር ከታወቀ ብቻ ነው። ያንን ቁጥር ማን ነው የሚያነበው?

የዚህ ጥያቄ ክብደት የገባኝ በሥራዬ ነው። ሂውስተን ውስጥ የምሠራው ለማዕድን መብት ባለቤቶች የሚከፈለውን ሮያሊቲ በሚያሰላ መሥሪያ ቤት ነው። ቴክሳስ ውስጥ ከመሬት በታች ያለው ሀብት በአብዛኛው የግለሰብ ነው፤ በዚህ ከእኛ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ድርሻው ድሮ አንድ ስምንተኛ ነበር፤ ዛሬ እስከ አንድ አራተኛ ይደርሳል። በየወሩ ቼኩ ሲላክ አብሮት የሚሄደው ወረቀት ላይ ምን ምን መጻፍ እንዳለበት የክልሉ ሕግ ያስገድዳል፦ የጉድጓዱ ይዞታ ስም፣ የምርቱ ወር፣ የተሸጠው መጠን፣ የተሸጠበት ዋጋ፣ የተቆረጠው ግብርና ወጪ፣ የባለመብቱ ድርሻ። ከፔኮስ የሚደውሉልኝ አንዲት ባልቴት አሉ። ቼኩ ሲያንሳቸው ስለ ድርሻቸው አይጠይቁኝም፤ ድርሻቸውን በስምንት አሃዝ ዴሲማል በቃላቸው ያውቁታል። «መጠኑን ንገረኝ» ነው የሚሉት።

ልክ ናቸው። ጋዝ በብዙ ቦታ የሚለካው ቱቦው ውስጥ በገባ፣ መሐሉ በተበሳ ስስ የብረት ሳህን ነው። ጋዙ በቀዳዳው ሲያልፍ ከሳህኑ በፊት ያለው ግፊትና ከሳህኑ በኋላ ያለው ይለያያሉ፤ ስንት ጋዝ እንዳለፈ የሚሰላው ከዚያ ልዩነት ነው። የቀዳዳው ጠርዝ ስለታም መሆን አለበት። በአሸዋ ተፍቆ ከዶለዶመ የግፊቱ ልዩነት ይቀንሳል፤ ቆጣሪውም በእውነት ካለፈው ያነሰ ያሳያል። ሳህኑን እጄ ላይ ይዤ አይቼዋለሁ፤ የገበታ ሰሃን ያህል ነው፣ የዶለዶመው ጠርዝ በዓይን አይለይም፣ በጥፍር ሲዳስሱት ነው የሚታወቀው። ገዢና ሻጭ ቆመው በየጊዜው አውጥተው ይመረምሩታል፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። የባልቴቷ ድርሻ አንድ ስምንተኛም ይሁን አንድ አራተኛ የሚባዛው ከዚያ ሳህን በወጣው ቁጥር ነው። የአንድ ክልል ድርሻ 40ም ይሁን 50 እንዲሁ።

አሜሪካኖቹም ይህን በሰላም አልተማሩትም። እ.ኤ.አ. በ1930 መጨረሻ ዳድ ጆይነር የሚባል ሽማግሌ ቆፋሪ ምሥራቅ ቴክሳስ ውስጥ ባለሙያዎች ባዶ ነው ያሉትን መሬት ቆፍሮ ታላቅ የዘይት ሜዳ አገኘ። በወራት ውስጥ ሰው ሁሉ በየጓሮው መቆፈር ያዘ፤ ገበያው በዘይት ተጥለቀለቀና በ1931 የአንድ በርሜል ዋጋ ወደ 10 ሳንቲም ወረደ። የቴክሳስ ሬይልሮድ ኮሚሽን፣ በ1891 ባቡር እንዲቆጣጠር ተቋቁሞ ኋላ ነዳጅና ጋዝ የተጨመረለት መሥሪያ ቤት፣ ለየጉድጓዱ የምርት ጣሪያ አወጣ። የሰማው ጥቂት ነው። የክልሉ አስተዳዳሪ ሮስ ስተርሊንግ ብሔራዊ ዘብ አዘመተ፤ ወታደር በፈረስ እየዞረ ጉድጓድ ዘጋ፤ ፍርድ ቤት ደግሞ ይህ ከሥልጣንህ በላይ ነው አለው። ሌሊት ሌሊት ከጣሪያው በላይ የሚወጣው ዘይት በድብቅ ቱቦና በቦቲ ድንበር እየተሻገረ ይሸጥ ነበር። ክልሉ ከድንበሩ ማዶ እጁ አይደርስም፤ ፌዴራሉም ክልሉ ውስጥ ስንት እንደሚመረት ለመወሰን ሥልጣኑ አከራካሪ ነበር። በ1935 ኮንግረሱ ያወጣው የኮናሊ ሕግ ቋጠሮውን ፈታው፦ የክልልን ደንብ ጥሶ የወጣ ዘይት ከክልል ክልል እንዳይጓጓዝ ከለከለ። ጣሪያውን ያወጣው ክልሉ ነው፤ ኬላው ላይ የቆመው ፌዴራሉ። አንዱ ሌላውን ሳይውጥ።

ቴክሳስን የማነሳው እንደ ቅዱስ አድርጌ አይደለም። ሦስቱ ኮሚሽነሮች በምርጫ ይሾማሉ፤ ለምርጫ ቅስቀሳቸው ገንዘብ ከሚሰጧቸው ውስጥ የሚቆጣጠሯቸው ኩባንያዎች አሉበት። ጋዝ በከንቱ እንዲቃጠል ፈቃድ በመስጠት እጃቸው ሰፊ ነው ተብለው ዘወትር ይወቀሳሉ። የፌዴራሉም ቢሆን የራሱ ችግር አለበት፤ የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት የፌዴራል ነዳጅና ጋዝ አስተዳደርን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለብክነት ከተጋለጡ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ሮያሊቲው በትክክል መሰብሰቡን ማረጋገጥ አልቻለም ብሎ ነው። የማከብርላቸው አንድ ነገር ግን አለ፤ የጉድጓዱ ማኅደር ለሕዝብ ክፍት ነው። ማንም ሰው፣ ቴክሳስ ይኑር አይኑር፣ ስልኩን ከፍቶ የፈለገውን ጉድጓድ ፈቃድ፣ ጥልቀት፣ የወር ምርት ማየት ይችላል።

ከፔንሲዮኔ ወደ ታች ስሄድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ይገጥመኛል። የአፍሪካ አዳራሽ እድሳቱ ተጠናቆ እ.ኤ.አ. በ2024 እንደገና ተከፍቷል፤ የገባሁት የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ለማየት ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ቀዩ ወለሉ ላይ ይወርዳል፤ ብዙ ቆምኩ። ግን ከዚያ ግቢ የወጣ ሌላም ሥራ አለ። በታቦ ምቤኪ የሚመራው ከአፍሪካ በሕገ ወጥ መንገድ የሚወጣውን ገንዘብ ያጠናው ከፍተኛ ቡድን ጽሕፈት ቤቱ ይኸው ኮሚሽን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የአፍሪካ ኅብረት የተቀበለው ሪፖርት አህጉሩ በዓመት ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያጣ ገመተ። ከሪፖርቱ ውስጥ ሁሌም የሚመጣብኝ የገንዘቡ መጠን አይደለም፤ ብዙ የአፍሪካ መንግሥታት ከገዛ መሬታቸው ስንት እንደወጣ የሚያውቁት ኩባንያው በነገራቸው መጠን ነው የሚለው ነው። ይህ የተጻፈው እዚሁ ካዛንቺስ ነው፤ ጋዙን ከሚያወሩት ሰዎች የአንድ ቡና ርቀት ላይ።

ፔንሲዮኑ ውስጥ ቁርስ የምንበላው አንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ ሰሞን ከቀብሪ ደሃር የመጡ ጡረተኛ የውኃ ባለሙያ ከጎኔ ተቀመጡ፤ ልጃቸውን ሊያሳክሙ ነው የመጡት። አማርኛቸው የድሮ የመንግሥት ሠራተኛ አማርኛ ነው፣ ጥርት ያለ። ፍርፍራቸውን ወደ ጎን አድርገው ሻይ በወተት ብቻ ነበር የሚጠጡት። ሥራዬን ስነግራቸው ወዲያው ስለ ካሉብ የሚያወሩ መሰለኝ፤ ያወሩኝ ግን ስለ ቢርካ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውኃ የሚጠራቀምበት፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ማለት ነው፤ በዚያ አገር ሰውም ግመልም የሚጠጣው ከእርሱ ነው።

«ወንድሜ፣ እኛ መጀመሪያ የምንጠይቀው ፐርሰንት አይደለም» አሉኝ። «ቢርካችን ውስጥ ያለውን ውኃ ማን መረመረው? ወረቀቱስ የት አለ? ይህን ነው የምንጠይቀው።»

እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ካሉብ አካባቢ ሰዎች ምንነቱ ያልታወቀ ሕመም እየገደላቸው እንደሆነ፣ ነዋሪዎቹም ከቁፋሮ የተረፈ ኬሚካል ውኃቸውን በክሎታል ብለው እንደሚያምኑ ጽፎ ነበር። መንግሥት አልተቀበለውም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ማን ልክ እንደሆነ ከካዛንቺስ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ አልፈርድም። የሚያሳዝነኝ ክርክሩ በምርመራ ወረቀት የሚዘጋ ሆኖ ሳለ በጋዜጣና በመግለጫ መካከል ተንጠልጥሎ መቅረቱ ነው። ሕጉ እኮ አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ፌዴራሉ ፈቃድ የሚሰጠውን ሥራ ፌዴራሉ፣ ክልሉ የሚሰጠውን ክልሉ እንዲገመግም አድርጎ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆን ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ጉዳይ ላይ ሐሳቡን የመስጠት ሙሉ መብት ሰጥቶታል። አንቀጽ 50 ደግሞ ፌዴራሉ ሥልጣኑን ለክልሎች በውክልና መስጠት እንደሚችል ይናገራል። ሚኒስቴሩ ውሉን ይያዝ፤ ለ7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ከውጭ ኩባንያ ጋር የሚደራደር አንድ ጠንካራ ወገን ያስፈልጋል፤ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። ነገር ግን በየወሩ ቆጣሪው ሲነበብ የክልሉ ሰው አብሮ ቆሞ ይፈርም። ሳህኑ ሲወጣ አብሮ ይዳስስ። ውኃው በየጊዜው ሲመረመር ናሙናውን ክልሉም ለብቻው ይውሰድ፤ ውጤቱም በሶማሊኛ ተጽፎ ቀበሌው ላይ ይለጠፍ። ለዚህ ሕገ መንግሥት ማሻሻል አያስፈልግም። አንድ ደብዳቤና ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች ይበቃሉ።

ጊዜውም አሁን ነው። 111 ሚሊዮን ሊትር ወደ ጋዝ ሲመለስ በዓመት ከ2 ቢሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ጥቂት ይበልጣል፤ ከክምችቱ አንጻር ኢምንት ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ ግን 1.33 ቢሊዮን ሊትር ነው፤ ከአሥር እጥፍ በላይ። ከዚያም ጎዴ ላይ ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር የሚሠራው፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርተው ፋብሪካ በቱቦ ጋዝ ሊወስድ ነው። ጋዙ የሚሸጠው ለማን፣ በስንት፣ ዋጋው የሚተመነው ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው ወይስ ቀዝቅዞ ቦቲ ላይ ከተጫነ በኋላ? የማድረቂያው፣ የመጭመቂያው፣ የማቀዝቀዣው ወጪ ከማን ድርሻ ይቆረጣል? ቴክሳስ ውስጥ ጠበቆች ቤት የሚሠሩት በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። ጥቂት ጋዝ ሲወጣ ያልተለመደ አሠራር ብዙ ሲወጣ አይጀመርም፤ ያኔ ሁሉም የሚጠብቀው ነገር ይኖረዋል።

የውኃ ባለሙያው የቴክሳሱን ክፍት ማኅደር በስልኬ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። የሬይልሮድ ኮሚሽኑን ገጽ ከፍቼ ሪቭስ በምትባል ወረዳ ያለ አንድ የጋዝ ጉድጓድ አወጣሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አስነበቡኝ፦ መቼ ተፈቀደ፣ ስንት ጫማ ወረደ፣ በየወሩ ስንት ወጣ። የከርሰ ምድር ውኃው እስከ የት ድረስ መጠበቅ እንዳለበት ኮሚሽኑ ለቆፋሪው አስቀድሞ እንደሚወስንለት፣ እስከዚያ ጥልቀት ድረስ የብረት ቱቦው በሲሚንቶ መታሰር እንዳለበት ስነግራቸው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አደረጉ።

«ቁጥሩን የሞላው ማን ነው?»

«ኩባንያው ራሱ።»

«ቢዋሽስ?»

«ገዢውም የገዛውን ያስመዘግባል። ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ይጠየቃል። የመሬቱ ባለቤትም ያያል፤ ጋዜጠኛም ያያል።»

«እስቲ ካሉብን አሳየኝ።»

እንዲህ ያለ በየጉድጓዱ የተከፈተ ማኅደር ላሳያቸው አልቻልኩም። ዝም ብለው ከኮታቸው ኪስ ደብተር አወጡና እስክሪብቶ ለመኑኝ። ቀብሪ ደሃር ሲመለሱ ለክልሉ ምክር ቤት ተወካያቸው የሚሰጡትን ጽሑፍ አብረን አወጣን። አንደኛ፣ በየወሩ የወጣው ጋዝ መጠንና አብሮት የወጣው ኮንደንሴት የሚባለው ፈሳሽ፣ ቆጣሪው መቼና በማን ፊት እንደተፈተሸ። ሁለተኛ፣ የቢርካዎቹና የጉድጓዶቹ ውኃ ምርመራ ውጤት። ሦስተኛ ገቢው ነበር። ልጽፍ ስል እጄን ያዙኝ።

«ቆይ። ለሥራው ከእኛ መሬት የሚቀዳውን ውኃስ የሚለካ ቆጣሪ አለ ወይ? በድርቅ ጊዜ ቦቲ ሲመላለስ እናያለን። ስንት እንደጫነ ግን አናውቅም።»

ለሠላሳ ዓመት ውኃ የለኩ ሰው ናቸው። ሦስተኛ አድርገን ጻፍነው፤ ገቢውን ወደ አራተኛ አወረድነው።